ለፊጂው ሯጭ መርዶ ይዘን ወደ ገላን

ሳሪስ አቦ፣ ሰኞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል

ከቤቴ የወጣሁት ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ኪዳን መሰማት በጀመረበት ሰዓት ነው። ጥቁር ኮት ለብሻለሁ። ከጅቡቲ የገቡ ከባድ መኪኖች የዋናውን መንገድ ጠርዝ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ጋቢናውን በአንሶላ ጋርደው ተኝተዋል። አንዲት ሴት በከሰል ምድጃ ሻይ አፍልታ ለረዳቶችና ለጫኝ አውራጆች ትሸጣለች፤ አንዱ ብርጭቆ ሃያ ብር፣ ከፓስቲ ጋር አርባ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የሲሚንቶ ብናኝ ከናፍጣ ጢስ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል።

ሰይድ ሚኒባሱን አጠገቤ አቆመ። የወሎ ሰው ነው፤ ከሳሪስ አቃቂ ባለው መስመር ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ነድቷል። ዛሬ ግን ረዳትም ተሳፋሪም የለውም።

«መምህር፣ ሻይ ጠጣህ?»

«አላሰኘኝም።»

«እንግዲያው ለኔ አንድ ያዝልኝ። አንተ በመጽሐፍ ትጠግባለህ፤ እኔ መሪ ነው የምይዘው።»

ነገሩን ከመነሻው ግልጽ ላድርገው። የምንሄደው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያ ጆኔ የሚባል የፊጂ ሰው ከልምምድ ጓደኛው ጋር ይኖራል፤ የስምንት መቶና የአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ነው። አባቱ ባለፈው ረቡዕ ሞቷል። ዛሬ ሰኞ ነው። ልጁ አያውቅም። እኔ ግን ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ፤ መልእክቱ የተላከው ወደ እኔ ስልክ ነበርና።

ቃሊቲ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

አሰልጣኝ ደምሴ መናኸሪያው በር አጠገብ ቆሞ ይጠብቀናል። የልምምድ ቱታውን ትቶ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ልብሱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። በእጁ ሰማያዊ የጨርቅ ቦርሳ ይዟል። ቦርሳው ውስጥ ያሉት ስልኮች ናቸው። ደምሴ ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የልጆቹን ስልክ በሙሉ ይሰበስባል፤ ውድድሩ ሲያበቃ ይመልሳል። ስልክ የያዘ ሯጭ አይተኛም ይላል። ልጆቹም ለምደውታል፤ ቤተሰብ የሚፈልጋቸው ከሆነ በእርሱ በኩል ያገኛቸዋል። ጆኔ ቤተሰቦቹ በእንግሊዝኛ የሚያናግሩት ሰው ስለሚያስፈልጋቸው የእኔን ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። እኔ አቃቂ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ላለፉት አሥር ወራት ደግሞ በአሰልጣኙና በእርሱ መካከል አስተርጓሚ ነበርኩ።

ደምሴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደረገ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ነው የተናገረው።

«ትናንት ማታ ስልኩን ጠየቀኝ።»

«ለምን?» አልኩት፤ መልሱን እያወቅኩ።

«ለአባቱ ሊደውል። ሰዓቱን ሊነግረው።»

«ምን አልከው?»

«ባትሪው ሞቷል፤ ጠዋት አመጣልሃለሁ አልኩት።»

ሰይድ መሪውን በመዳፉ መታ። «ባትሪው ሞቷል! ኧረ ኮች፣ ሌላ ቃል አጣህ?»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ።»

«እኔ ብሆን ረቡዕ ዕለቱን እነግረው ነበር።»

«አንተ ሾፌር ነህ፤ ሲቸኩሉ መኖር ሥራህ ነው። ልጁ አራት ዓመት የለፋበት ውድድር ነበር። የሞተ ሰው ከተቀበረ በኋላ የአምስት ቀን ልዩነት ምን ያመጣል?»

ሰይድ ማርሽ ቀየረ። «እሱስ እውነት ነው» አለ። «እኛም ጋ ቢሆን ጠዋት የሞተ ለአሱር ሶላት ሳይደርስ አፈር ይለብሳል።»

የትናንቱ ውድድር በአቃቂ ዳርቻ በሚገኝ ሜዳ ላይ ነበር፤ ብዙ ተመልካች አልነበረውም። ጆኔ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከእኛ ልጆች መካከል ገብቶ ሦስተኛ ወጣ። ቦታው ለእርሱ ምንም አይደለም፤ የሚፈልገው ሰዓት ነበር፤ አገሩ ለትልቁ ዓለም አቀፍ ውድድር እንድትልከው የሚያበቃውን ሰዓት። አገኘው። ትራኩ ላይ በጉልበቱ ተደፍቶ ሲያለከልክ አጠገቡ ደረስኩ። ቀና ብሎ አየኝና «አባቴ ይህን ሲሰማ አያምንም፤ እንደገና ንገረኝ ይላል» አለኝ። እኔ ፎጣ አቀበልኩት።

ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ

መንገዱ እየጠበበ፣ የፋብሪካ አጥር እየረዘመ ይሄዳል። ወንዙን ስንሻገር መስኮት መዝጋት ግድ ነው፤ የቆዳ፣ የቀለምና የበሰበሰ ነገር ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ ሠራተኞች ፌስታል አንጠልጥለው፣ አንገታቸውን ጃኬታቸው ውስጥ ቀብረው በሰልፍ ይሄዳሉ። ከድልድዩ ወዲያ የአሮጌው ባቡር ሐዲድ በሣር ተውጧል።

ጆኔ መጀመሪያ ወደዚህ ሲመጣ የነገረኝን በዚህ መንገድ ላይ ሳልፍ ሁልጊዜ አስበዋለሁ። የተወለደው ከዋናው ደሴት በመርከብ አንድ ሌሊት በሚያስኬድ ትንሽ ደሴት ላይ ነው። መንገድ የለም፤ መኪና የለም። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ እሑድ እሑድ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ይሰብካል። ልጁ መሮጥ እንደሚወድ ሲያይ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ወስዶ በየተወሰነው ርቀት ቋጠረና ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት አሸዋው ላይ አራት መቶ ሜትር ለካለት። ማዕበሉ በየቀኑ ያጠፋዋል፤ አባትየው በየቀኑ እንደገና ይለካል። የእጅ ሰዓት አልነበራቸውም። አባቱ ይቆጥር ነበር፤ ጮክ ብሎ።

አገሩ የራግቢ አገር ነው። ሁለት ዙር የሚሮጥ፣ አራት ዙር የሚሮጥ ሰውን ማንም ልብ አይልም። ጆኔ በዋናው ከተማ ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ፣ ጠዋት ከሥራ በፊት በሣር ሜዳ ላይ ብቻውን እየሮጠ ዓመታት አሳለፈ። በደሴቶቹ መካከል በሚደረግ ውድድር ሁለት ጊዜ ሜዳልያ አምጥቷል። ከዚያ ወዲያ የሚያሸንፈው ሰው አጥቶ ሳይሆን ከፊቱ እየሮጠ የሚስበው ሰው አጥቶ ባለበት ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ሥራውን ለቆ ደምሴን በኢንተርኔት አግኝቶ መጣ።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ከባሕር ዳር የመጣ ሳንባ የአቃቂን አየር አልቻለውም፤ አፍንጫው ደማ፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ቁጭ ብሎ አደረ። ከገላን ጀርባ ባለው የጤፍ ማሳ መካከል ልጆቹ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ በአንድ መስመር ሲሮጡ እርሱ ከመጨረሻው በታች ነበር። ግን ብቻውን አልተዉትም። በየተራ አንድ ሰው ወደ ኋላ እየቀረ አብሮት ይሮጣል፤ «አይዞህ» የሚለውን ቃል የተማረው ከዚያ ነው። በስድስተኛው ወር የመስመሩ መሃል ደረሰ።

አቃቂ በሰቃ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ጋሽ ታፈሰ ከብረታ ብረት ሠሪዎቹ ሱቆች አጠገብ፣ ከበራቸው ላይ ቆመዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰው ባርኔጣ አድርገዋል። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ የሠፈሩ እድር ዳኛም ናቸው። ከእድሩ ሁለት ሴቶች አብረዋቸው አሉ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ደኅና አደራችሁ? ሰይድ፣ ዛሬ ቀስ በል፤ የምንወስደው ነገር አይሮጥም።»

«እሺ ጋሽ ታፈሰ። እርስዎ ከፊት ይሁኑ፤ ኮች ወደ ኋላ ይሂድ።»

ረቡዕ ማታ የመከሩን እሳቸው ናቸው። የጆኔ እህት ሜሬ የላከችው መልእክት አጭር ነበር፤ «አባታችን ዛሬ አረፈ። እባክህ ለጆኔ ንገረው፤ ይደውልልን።» እኔ መጀመሪያ ለደምሴ ነገርኩት፤ ደምሴ ወደ ጋሽ ታፈሰ ወሰደኝ። እሳቸው በርጋታ ሰሙን። ሰው አገር ያለ ልጅ አባቱ መሞቱን በጽሑፍ አይሰማም አሉ። በስልክም አይነገረውም። ልጁ ከባድ ነገር ይዟል፤ ይጨርስ። ቀብሩ አልፏል፤ አሁን የቀረው ማጽናናት ነው። ማጽናናት ደግሞ በጎህ፣ በሰው ፊት፣ ዘመድ በሌለበት ዘመድ ሆኖ ነው። ይህ ሁሉ በደግነት የተነገረ ነው። በእኛ ዘንድ ስንት ሰው እንዲህ ተደርጎለታል፤ እኔም የአጎቴን መርዶ የሰማሁት እንዲሁ ነው።

ሐሙስ ሜሬ «ነገርከው?» ብላ ጻፈች። «ልምምድ ላይ ነው፤ በቅርቡ ይደውላል» ብዬ መለስኩ። ዓርብ ሌላ መጣ፤ «መርከቡ ቅዳሜ ማታ ይነሣል።» የትኛው መርከብ እንደሆነ አልገባኝም። ለጋሽ ታፈሰ ሳነብላቸው «ለቅሶኛ የሚመጣበት ይሆናል፤ እግዚአብሔር ያድርሳቸው» አሉ። እኔም እንዲያ ይሆናል አልኩ። ስለዚያ አገር ሦስት መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ስለ ንጉሦቻቸው፣ ስለ ሸንኮራ እርሻቸው፣ ስለ ሃይማኖታቸው አውቅ ነበር። ሜሬን አንዲት ጥያቄ ግን አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ያለበት ነገር መሆኑ አልታየኝም።

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሰማዩ ነጣ። ግቢው ውስጥ ወደ ከተማ የሚሄዱ የቢሮ ሠራተኞች የከተማ አውቶቡስ ሰልፍ ይዘዋል፤ ጋሽ ታፈሰንና ነጠላቸውን የዘቀዘቁትን ሴቶች ሲያዩ ገለል ብለው መንገድ ለቀቁ። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ በዚህ ሰዓት እንዲህ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ ተከተለችን።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩን የከፈተልን ገመቹ ነው፤ ከጆኔ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራው የልምምድ ጓደኛው። ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃል።

«መጣችሁ?» አለኝ በሹክሹክታ። «መምህር፣ አምስት ሌሊት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የተኛሁት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳታሸክሙኝ።»

ጆኔ አልጋው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር፤ የሰኞ ቀላል ሩጫ ሊወጣ። ሽማግሌውን፣ ሴቶቹን፣ ሙሉ ልብስ የለበሰውን አሰልጣኙን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ግቡ! ግቡ!» አለ በአማርኛ። ለሩጫው ደስታ የመጣን መስሎት ነበር። ከመስኮቱ ላይ ልብሶቹን አነሣ፣ ወንበሩን ለጋሽ ታፈሰ ሰጠ፣ ሴቶቹን አልጋው ላይ አስቀመጠ። ለሁሉም ብርቱካን ለማደል መላጥ ጀመረ። ደምሴ ፊቱን አዞረ።

ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አስቀምጠው፤ ከዚያ ተናገር» አሉኝ።

ጆኔን አስቀመጥኩት። በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን ሳላጣምም ነገርኩት። «አባትህ አርፏል።»

ሴቶቹ እንግሊዝኛ ባያውቁም ፊቱን አይተው ጮኹ። እርሱ አልጮኸም። ብርቱካኑን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«መቼ?» አለ።

«ረቡዕ።»

«የትኛው ረቡዕ?»

«ያለፈው።»

በጣቶቹ ቆጠረ፤ ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ቀብሩ መቼ ነው?»

ለሽማግሌው ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ታፈሰ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዕለቱ ተፈጽሟል በለው። በክብር ተቀብሯል ብለህ አጽናናው።»

«ተቀብሯል» አልኩት።

ጆኔ ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነገረህ?»

ማንም አልነገረኝም። ይህንኑ አልኩት፤ «ማንም አልነገረኝም።»

እጁን ወደ ደምሴ ዘረጋ። ደምሴ ከሰማያዊው ቦርሳ ስልኩን አውጥቶ ሰጠው። ስልኩ እንደተከፈተ መልእክቶቹ እየተደራረቡ ገቡ፤ አላነበባቸውም፤ በቀጥታ ደወለ። ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው አንድ የሴት ድምፅ መለሰ፤ ከድምፁ ጀርባ ነፋስና የብዙ ሰው መዝሙር ይሰማል። ወንዶቹ ከታች፣ ሴቶቹ ከላይ፣ ድምፃቸው እየተደራረበ ይመጣል። የእድሩ ሴቶች ለቅሷቸውን አቆሙ። ጆኔ በአገሩ ቋንቋ ተናገረ፤ እህቱም መለሰች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ አልጋው ላይ አስቀመጠው።

«ምን አለች?» አሉኝ ጋሽ ታፈሰ።

ጆኔን ጠየቅኩት። ነገረኝ። ለሽማግሌው ለማስረዳት ሁለት ጊዜ መጀመር ነበረብኝ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ቀብሩ አሁን ነው። በእነሱ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ወደ መቃብሩ እየሄዱ ናቸው።»

«የማን ቀብር?»

«የአባቱ።»

«ከረቡዕ ጀምሮ እስካሁን?»

«በእነሱ አገር የበኩር ልጅ ሳይደርስ አይቀበርም። አስከሬኑ ዋናው ከተማ፣ ሆስፒታል በረዶ ቤት ነበር። እስከ ቅዳሜ እሱን ሲጠብቁ ነበር።»

ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨመቁ። ከሰባ ዓመት በላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስንት መርዶ ነግረዋል፤ እንዲህ ሆነው ግን አይቻቸው አላውቅም። «እየጠበቁት ነበር?» አሉ እንደገና፤ ለማንም አይደለም።

መርከቡ ገባኝ። ወደ ደሴታቸው የሚሄደው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ማታ የተነሣው መርከብ ለቅሶኛ ያመጣ ሳይሆን አስከሬኑን የወሰደ ነበር። ሜሬ ዓርብ የጻፈችልኝ የመጨረሻውን ቀን ለማሳወቅ ነው።

መዝሙሩ ቆመ። አንድ ሽማግሌ የሚጸልይ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ አካፋ ከድንጋይ ጋር የሚጋጭ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። ጆኔ እንደገና ደወለ፤ አልገባም። እንደገና። አልገባም።

እዚያው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

የእድሩ ወጣቶች ወሬውን ሰምተው ግቢው ውስጥ ድንኳን መትከል ጀምረዋል፤ የችካል መምቻ ድምፅ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። ማንም አላዘዛቸውም። ሰው ሲሞት የሚደረገው ይህ ነውና።

ጆኔ የገቡለትን መልእክቶች በተራ አነበበ። ጨርሶ ስልኩን አጠፋና ጠየቀኝ።

«እህቴ መቼ ጻፈችልህ?»

«ረቡዕ ጠዋት።»

«ሐሙስ የሚነሣ አውሮፕላን ነበር። ቅዳሜ ማታ መርከቡ ላይ እሆን ነበር።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ትናንት ማታ ውጤቱን በኢንተርኔት አይተውታል። መንደሩ ሁሉ። አባቱ ሳይቀበር እርሱ ይሮጣል ብለዋል። አጎቴ ስሜን ከጸሎቱ አውጥቶታል።»

ጋሽ ታፈሰ ተነሥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። «መምህር፣ ተርጉምልኝ። እኛ አገር ሰው የሚቀበረው በዕለቱ ነው። ላንተ ያሰብነው በእኛው ልክ ነበር። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አጠፋሁ በለው።»

ተረጎምኩ። ጆኔ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀም። «ክፉ አላሰቡም» አለኝ። «ይህን ንገራቸው።»

ደምሴ ግን ዝም ማለት አልቻለም። «ብነግረው ኖሮ ይሮጥ ነበር? አራት ዓመት! በለው እንጂ መምህር። አሁን ሰዓቱን ይዟል፤ አባቱም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚፈልገው በለው።»

ጆኔ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ትናንት የሮጥከው አንተ ነህ፤ እኔ አይደለሁም።»

ለአሥር ወራት በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ስተረጉም ሻካራውን ሳላለሰልስ፣ ቁጣውን ሳላበርድ የቀረሁበት ቀን አልነበረም። ይህን ግን እንዳለ ተረጎምኩት። ደምሴ ሰማያዊውን ቦርሳ ብብቱ ሥር ከተተና ከክፍሉ ወጣ።

ቀለበት መንገድ፣ ወደ ቦሌ፣ አምስት ሰዓት

የመመለሻ ትኬቱ ቀን ተቀየረለት፤ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ሰይድ ይነዳል፤ ጆኔ ከፊት፣ እኔና ደምሴ ከኋላ ተቀምጠናል። ጋሽ ታፈሰ ድንኳኑ ውስጥ ቀሩ፤ የሚመጣውን ሰው የሚቀበል ያስፈልጋል አሉ።

ቃሊቲ አደባባይ ላይ ሲኖትራኮች መንገዱን ዘግተው ግማሽ ሰዓት ቆምን። ሰይድ መስኮቱን አውርዶ ከፊታችን ያለውን ሾፌር «ወንድም! አልጋ ይምጣልህ?» ብሎ ጮኸበት፤ ከዚያ ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ ትዝ ብሎት መስኮቱን ዘጋ። በግራችን ቆርቆሮ ቤቶች፣ በቀኝ የኮንቴይነር ክምር። የማሽላ ጥብስ ቀለም ያለው አቧራ ሁሉንም ሸፍኖታል። ጆኔ ምንም አላየም።

«አሁን ብትሄድ ምን ታገኛለህ?» አልኩት።

«ከቀብሩ በኋላ ዐሥረኛው ሌሊት አለ። ያን ዕለት ቤተሰቡ እንደገና ይሰበሰባል። የሚቀጥለው ቅዳሜ መርከብ ለዚያ ያደርሰኛል።»

«ተመልሰህ ትመጣለህ?»

የእጅ ሰዓቱን አየ።

አየር ማረፊያው በር ላይ ደምሴ የውድድሩን የውጤት ወረቀት፣ ማኅተም ያለበትን፣ ለጆኔ ዘረጋለት። ያለዚያ ወረቀት የአገሩ ፌዴሬሽን ሰዓቱን አይቀበልም። ጆኔ ተቀበለው፣ አንብቦ በአራት አጠፈው፣ መልሶ በደምሴ ደረት ኪስ ከተተው፤ ኪሱንም በመዳፉ ለስለስ አድርጎ ነካው። ሰይድ ሻንጣውን አውርዶ ጆኔን አቀፈው፤ «አላህ ጽናቱን ይስጥህ» አለው በአማርኛ፤ መተርጎም አላስፈለገም።

እኔን ብዙም አላየኝም። ሊገባ ሲል ግን ተመለሰ።

«ለሜሬ ጻፍላት። የሰማሁት መቼ እንደሆነ። እኔ ብነግራቸው ማመካኛ ይመስላል። ከአንተ ይስሙት።»

«እጽፋለሁ።»

«ዛሬ» አለና ገባ።

ሳሪስ አቦ፣ ስምንት ሰዓት

ሰይድ ከቤቴ በር ላይ አውርዶኝ ወደ ገላን ተመለሰ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሊቀመጥ። ዛሬ በመስመሩ አይሠራም። ክፍሌ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ጻፍኩ።

«ሜሬ፣ አባታችሁ ማረፉን የጻፍሽልኝን ረቡዕ ጠዋት አንብቤያለሁ። ለወንድምሽ የነገርነው ዛሬ ሰኞ ማለዳ ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ምንም አያውቅም ነበር። ስልኩ በእጁ አልነበረም። ሲሮጥ አያውቅም ነበር። በአገራችን ሰው በሞተበት ዕለት ይቀበራል፤ እናንተም የቀበራችሁ መስሎን ነበር። አልጠየቅኩሽም። አሁን መንገድ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው መርከብ ይደርሳል።»

ላክሁት። መልስ የመጣው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በእነርሱ ሌሊት ነበር፤ ከቀብሩ የተመለሰው ሰው ገና አልተበተነም።

«ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው» ይላል። «እናቴ አለቀሰች። አጎቴ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ፣ ታዲያ ልጁን ይዞ ያስቀረው ማን ነው፣ ስሙን ልወቀው አለ። ምን ልበለው?»

መጀመሪያ የሦስታችንንም ስም ጻፍኩ፤ የጋሽ ታፈሰን፣ የደምሴንና የራሴን። ጋሽ ታፈሰ መክረዋል፤ ደምሴ ፈልጓል። መልእክቱ ግን የደረሰው ለእኔ ነበር። «በቅርቡ ይደውላል» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

የሁለቱን ስም አጥፍቼ የራሴን ከነአባቴ ስም ላክሁላት።